እርከኑ ለምን ፈረሰ?

ከአምበር ወደ ሰሜን ቀና ያለ ሰው ጮቄን ያያል። ከባሕር ወለል በላይ ከ4,000 ሜትር የሚበልጠው ይህ ተራራ የብዙ የዓባይ ገባሮች ምንጭ ሲሆን በክረምት የሚያወርደው ግን ውኃ ብቻ አይደለም፤ የምሥራቅ ጎጃምን አፈርም ጭምር ነው።

በደርግ ዘመን በአገሪቱ ሰፊ የእርከን ሥራ ተካሂዷል፤ ተራሮችም ከሰውና ከእንስሳት ንክኪ ተከልለዋል። ሥራው በመመሪያ የሚወርድ ስለነበር በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ በብዙ ቦታ እርከኑ ታረሰ፣ የማኅበሩ ደንም ተጨፈጨፈ። ያን ጊዜ ገበሬው ባለማወቁ ነው ተባለ። ይህ አባባል ትክክል አይደለም። እርከን ከጠባብ ማሳ ላይ መሬት ይወስዳል፣ በሬ ለማዞር ያስቸግራል፣ አይጥም ይራባበታል። የጎደለውን ቁና የተካለት አልነበረም።

ጊዜው ያው፣ ገበሬውም ያው የጎጃም ገበሬ ሆኖ ሳለ ውጤቱ የተለየባት ቦታ ግን አለች፤ ደምበጫ አጠገብ ያለችው አንጀኒ። በ1976 ዓ.ም. በተቋቋመው የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያ፣ ጥበቃ ካልተደረገለት የሙከራ መደብ በዓመት በሄክታር ከ100 ቶን በላይ አፈር ሲታጠብ ተለክቷል። በ1978 ዓ.ም. ቦይ ቆፍሮ አፈሩን ወደ ላይ በመጣል የሚሠራው ፋኒያ ጁ የተባለው እርከን ተሠራ። ተዳፋቱ ከዓመት ዓመት እየተስተካከለ ሄደ፣ እርከኑ ላይ የበቀለውም ሣር ለከብት መኖ ሆነ። ከ1983 በኋላም እርከኑ ቆመ።

ባሕር ዛፍም እንዲሁ ነው። ባለሙያ ውኃ ይመጥጣል፣ የጎረቤትን ሰብል ይጎዳል ይላል፤ እውነቱን ነው። ለገበሬው ግን የማዳበሪያ ዕዳ መክፈያና የልጅ ማስተማሪያ ነው። የሚከለክለው ጽሕፈት ቤት ግድግዳም ቢሆን የቆመው በባሕር ዛፍ ነው።

በክልሉ ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ ሕዝቡ በነቂስ ወጥቶ በተፋሰስ ልማት እርከን ሠርቷል፣ ተራራም ከልሏል። ይሁን እንጂ በ1989 ዓ.ም. የመሬት ድልድል ጊዜ ሕፃን የነበረ ወይም ከዚያ ወዲህ የተወለደ ወጣት ብዙው መሬት የለውም፤ የተከለለው ተራራ ደግሞ እንጨት ለቅሞ የሚሸጥበት፣ ፍየል የሚያሰማራበት ነበር። ተደራጅቶ ንብ እንዲያነብና ከብት እንዲያደልብ የታሰበው ለዚሁ ነው። ሆኖም የቀበሌው ደንብ ሲረቀቅ ብዙ ጊዜ ክርክሩ የሚረዝመው ስለ ቅጣቱ ነው፤ ሣሩን ማን ያጭዳል የሚለው አንቀጽ ሰው ሊበተን ሲል ይነሳል።