ከፎቶግራፉ ጠርዝ ባሻገር፦ የአይስላንድ ፏፏቴዎች እንደ ታሪክ ምንጭ



በብርዱ ወራት አይስላንድን በመኪና የሚዞር ፎቶግራፍ አንሺ ብዙውን ጊዜ ተመሳሳይ ምስል ይዞ ይመለሳል፤ በረዶ የለበሰ ገደል፣ በመካከሉ የሚወርድ ውኃ፣ ከአድማስ እምብዛም ከፍ የማትል ፀሐይ። በምስሉ ውስጥ ሰው አይታይም። ተመልካቹም «የሰው እጅ ያልነካው ምድር» ይለዋል። የዛሬው ንግግሬ ዓላማ ይህ አባባል የታሪክ ስሕተት መሆኑን ማሳየት ነው።

በመጀመሪያ ጉልፎስን እንመልከት። የስሙ ትርጉም «ወርቃማ ፏፏቴ» ነው። የኽቪታ ወንዝ በዚያ ስፍራ በሁለት እርከን 32 ሜትር ያህል ቁልቁል ይወርዳል። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ የውጭ ባለሀብቶች ፏፏቴውን ተከራይተው ኤሌክትሪክ ሊያመነጩበት አቀዱ። በአቅራቢያው ካለው የብራትሆልት እርሻ የተወለዱት ሲግሪዱር ቶማስዶቲር ግን ዕቅዱን ተቃወሙ፤ አቤቱታቸውን ይዘው ወደ ሬይክያቪክ ተመላለሱ፤ ግንባታው ከተጀመረ ራሳቸውን ወደ ፏፏቴው እንደሚወረውሩ ዝተዋል ተብሎም ይተረካል። ጠበቃቸው ስቬይን ብዮርንሶን ኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1944፣ የአገሪቱ የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት ሆኑ። የኪራይ ውሉ እ.ኤ.አ. በ1929 የፈረሰው ግን የኪራዩ ገንዘብ ባለመከፈሉ ነበር። ስፍራው በሕግ የተጠበቀው እ.ኤ.አ. በ1979 ነው። እንግዲህ ፏፏቴውን ያተረፈው የአንዲት ሴት ጽናት ብቻ አይደለም፤ ያልተከፈለ ዕዳም ድርሻ አለው።

ሁለተኛው ጉዳይ መንገዱ ነው። ደሴቲቱን የሚዞረው፣ ከ1300 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝመው አውራ ጎዳና የተሟላው እ.ኤ.አ. በ1974 ነው። እስከዚያ ድረስ በደቡብ በኩል ከበረዶ ግግር ሥር የሚፈነዳ ጎርፍ የሚያጥለቀልቀው የስኬይዳራርሳንዱር አሸዋማ ሜዳ መንገዱን ቆርጦት ነበር። ድልድዮች ከተሠሩ በኋላም፣ እ.ኤ.አ. በ1996 የመጣው ጎርፍ ከፊላቸውን ጠራርጎ ወስዷል። ዛሬ ፎቶግራፍ አንሺው መኪናውን አቁሞ «ጠፍ ምድር» የሚለውን የሚያነሣው መሐንዲሶች ባቀኑለት መንገድ ዳር ቆሞ ነው።

ይህ ነገር ለእኛም ሩቅ አይደለም። በጢስ ዓባይ ውኃው ለኃይል ማመንጫ ተጠልፏል፤ በተለይም ሁለተኛው ጣቢያ እ.ኤ.አ. በ2001 ሥራ ከጀመረ ወዲህ የፏፏቴው መጠን በእጅጉ ቀንሷል። የቀድሞውን ግርማ የሚመሰክሩልን የድሮ ፎቶግራፎች ናቸው። ይህን ስል መብራት አያስፈልግም ማለቴ አይደለም። በጉልፎስም ሆነ በጢስ ዓባይ የምናየው ውኃ የሰው ውሳኔ ውጤት መሆኑን ለማስታወስ ነው።

ስለዚህ የታሪክ ተማሪ የመልክዓ ምድር ፎቶግራፍ ሲያጋጥመው ሦስት ጥያቄዎችን ያንሣ፦ ፎቶግራፍ አንሺው በየትኛው መንገድ መጣ? ውኃው እንዳይጠለፍ ወይም እንዲጠለፍ የወሰነው ማን ነው? ከምስሉ ጠርዝ ውጭ የቀረውስ ማን ነው?