«ውህድ» እና «ቅይጥ»

ዐፄ ቴዎድሮስ በ1859 ዓ.ም. በጋፋት ያስቀለጡት የሴባስቶፖል መድፍ ነሐስ፣ የመዳብና የቆርቆሮ (የቤት ክዳኑን ማለቴ አይደለም) «ውህድ» ነው ሲባል እሰማለሁ። ከ«አሐዱ» ጋር የሚዛመደው ይህ ቃል፣ በቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ዘንድ ያለ ቱስሕት (ያለ መቀላቀል) እና ያለ ውላጤ (ያለ መለወጥ) የሆነውን ተዋሕዶ ሲያስታውስ ኖሮ፣ በኬሚስትሪ መምህራን እጅ ግን ሃይድሮጅንና ኦክስጅን ጠባያቸውን ለውጠው ውሃ እንደሚሆኑ፣ ንጥረ ነገሮች በተወሰነ መጠን ተጣምረው ለሚያስገኙት አዲስ ነገር መጠሪያ ሆነ፤ ውላጤን የሚያርቅ ቃል ውላጤን እንዲያስተምር መሾሙ ቢያስደንቀኝም፣ ሥር ሰዷልና ይኑር። ነሐስ ግን የመዳቡና የቆርቆሮው መጠን እንደ አቅላጩ ፈቃድ ከፍና ዝቅ ስለሚል ውህድ አይደለም። «ድብልቅ» ማለት ስሕተት ባይሆንም የጤፍና የማሽላ ዱቄት ያስመስለዋል፤ ስለዚህ የመማሪያ መጻሕፍት አዘጋጆች ሆይ፣ አብሮ ለቀለጠ ማዕድን «ቅይጥ» የሚለውን አጽኑልን።