ከሉባንጃ እስከ ቤንዚን

ወሎ ውስጥ፣ በደጎሎም ሆነ በመካነ ሰላም፣ ሉባንጃ የሚሻ ሰው ዕጣን ሻጮቹ ዘንድ፣ ቤንዚን የሚሻ ደግሞ ባለሞተሮቹ ዘንድ ይሄዳል። ሁለቱ ቃላት ዝምድና እንዳላቸው የሚጠረጥር ጥቂት ነው። ምንጮቹን አንድ በአንድ ስንመረምር ግን ሁለቱንም «ሉባን ጃዊ» ከሚለው የዐረብኛ ሐረግ የወጡ ሆነው እናገኛቸዋለን።

ሐረጉ «የጃዋ ዕጣን» ማለት ነው፤ ዐረቦች ጃዋ ሲሉ ሱማትራንም ይጨምሩ ስለነበር ስሙን ከዛሬዋ ጃቫ ጋር ብቻ ማያያዝ ያሳስታል። የሉባንጃ ሙጫ ከመተማ ቆላ ከሚለቀመው ዕጣን ጋር በስም እንጂ በዛፍ አይገናኝም። የአውሮፓ ነጋዴዎች «ሉ»ን የገዛ ቋንቋቸው መስተአምር መስሏቸው ጣሉትና የቀረውን ቤንዞይን አሉት፤ አማርኛ በአንጻሩ የቃሉን ራስ ጠብቆ ጅራቱን ብቻ ጥሏል።

ክርክሩ የሚጀምረው በኬሚስቶቹ ዘመን ነው። ማይክል ፋራዳይ በ1825 እ.ኤ.አ. ከመብራት ጋዝ ቅሪት አንድ ፈሳሽ ለየ። ሚትሸርሊክ ደግሞ በ1833 ከሉባንጃው ሙጫ የሚገኘውን አሲድ ከኖራ ጋር አሙቆ ያንኑ ፈሳሽ አገኘና «ቤንዚን» አለው። ሊቢግ ይህን ስም አልተቀበለም፤ መድረሻው እንደ ስትሪክኒንና እንደ ኪኒን ያሉትን የዕፅ ቅመሞች ይመስላል ብሎ «ቤንዞል» የሚለውን መረጠ። ጀርመኖች ሊቢግን ተከተሉ፤ ያለ ባለቤት የቀረው «ቤንዚን» ከድፍድፍ ነዳጅ ለሚጣራው ቀላል ፈሳሽ ስም ሆነ። የዛሬው መደናገር ምንጭ፣ እንደምናየው፣ ይህ የሁለት ሊቃውንት አለመስማማት ነው። ቃሉን ከመኪና ሠሪው ከካርል ቤንዝ የሚያመጡት ወገኖች ግን ተሳስተዋል፤ ቤንዝ መኪናውን ያስመዘገበው በ1886፣ ቃሉ ከተወለደ ከ50 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው።

ወደ አማርኛ የገባበት መንገድ የበለጠ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ብዙዎች ለጣልያን ይሰጡታል፤ ነገር ግን የጣልያንኛው ቃል «ቤንዚና» ነው፤ ከዚያው ቋንቋ የተቀበልናቸው ማኪና፣ ጎማና ቢራ የመጨረሻ ድምፃቸውን ሲጠብቁ ይህ ብቻውን የሚጥልበት ምክንያት አይታይም። ደግሞም የመጀመሪያዋ መኪና አዲስ አበባ የገባችው በ1900 ዓ.ም. ገደማ ነው፤ ቀዳሚነቱን እንግሊዛዊው ቤንትሌይና ጀርመናዊው ሆልትስ ቢሻሙበትም፣ ማንም ይቅደም ማን፣ የጣልያን ጦር ደሴን በሚያዝያ 1928 ከመያዙ ከሩብ ምእት በላይ ይቀድማል። በጅቡቲ ባቡር በኩል ከፈረንሳይኛ መጣ እንዳንል፣ ፈረንሳዮች የመኪናን ነዳጅ «ኤሳንስ» ይላሉ። ስለዚህ ሚዛናችን ወደ ዐረብኛው «ቤንዚን» ያደላል፤ ይህ ከሆነ ቃሉ ከዐረብኛ ወጥቶ፣ አውሮፓን ዞሮ፣ ወደ ዐረብኛ ተመልሶ ነው ወሎ የደረሰው።

ጉዳዩ የቃል ጨዋታ አይደለም። የኬሚስቶቹ ቤንዚን ስድስት የካርቦንና ስድስት የሃይድሮጅን አቶሞች ያሉት፣ በ80 ዲግሪ ሴልሽየስ የሚፈላ አንድ ንጹሕ ቅመም ሲሆን፣ የማደያው ቤንዚን የብዙ ቅመሞች ድብልቅ ነው። ፊተኛው በኋለኛው ውስጥ በጥቂቱ ይገኛል፤ የአውሮፓ ኅብረት ከ2000 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መጠኑን ከመቶ 1 እጅ እንዳያልፍ ወስኗል፤ ለረጅም ጊዜ የተነፈሱትን ሠራተኞች ለደም ካንሰር እንደሚዳርግ ተረጋግጧልና። በአንድ ስም ስንጠራቸው ግን ተማሪው የሚያጠናውን ቅመም ከማደያው ነዳጅ አይለይም፤ እጁን በቤንዚን የሚታጠበው መካኒክም አደጋው በየትኛው እንደተሸሸገ አይረዳም። የማደያውን ስም ከሕዝቡ አፍ መንጠቅ አይቻልም፤ ለኬሚስቶቹ ቅመም ግን ሊቢግ ያወጣለትን «ቤንዞል» አማርኛ ቢወስድ እንመርጣለን።