የንግድ ሕግ ትምህርት በኢትዮጵያ

የንግድ ሕግ ትምህርት የንግድ ሥራ የሚመራባቸውን ሕጎችና ንግዱ የሚካሄድበትን ማኅበራዊ ሁኔታ የሚያስተምር የከፍተኛ ትምህርት ዘርፍ ነው። በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች የአካውንቲንግ፣ የማኔጅመንትና የመሳሰሉት ክፍሎች ተማሪዎች «የንግድ ሕግ» በሚል ስም ይወስዱታል። በሕግ ትምህርት ቤቶች ደግሞ በውል ሕግ፣ በማኅበራት ሕግ፣ በባንክና ኢንሹራንስ ሕግ፣ በአሠሪና ሠራተኛ ሕግና በግብር ሕግ ተከፋፍሎ ይሰጣል። በአሜሪካ የንግድ ትምህርት ቤቶች ተመሳሳዩ ትምህርት የንግድ ሥራ ሕጋዊና ማኅበራዊ ከባቢ ተብሎ ይጠራል፤ ከሕጉ ጎን ሥነ ምግባርንና ኅብረተሰቡ ከንግድ የሚጠብቀውን ነገር ይጨምራል።

ይህ መጣጥፍ ትምህርቱን በአጠቃላይ ካስተዋወቀ በኋላ፣ ሕጉ ከገበያው ልማድ ጋር የሚገናኝበትን ሁኔታ በምዕራብ ጎጃም፣ ማለትም በፈረስ ቤት፣ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ አካባቢ ምሳሌነት ያሳያል። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

ታሪክ

በጽሑፍ የሰፈረ የንግድ ደንብ በኢትዮጵያ ከዘመናዊው ሕግ በፊትም ነበር። ፍትሐ ነገሥት በሥጋዊ ክፍሉ ስለ ሽያጭ፣ ስለ ብድር፣ ስለ ዋስትናና ስለ ሽርክና ይደነግጋል። በ1925 ዓ.ም. የማኅበራትና የኪሳራ ሕጎች ወጥተው ነበር። ሙሉው የንግድ ሕግ ግን ከፍትሐ ብሔር ሕጉ ጋር ሚያዝያ 27 ቀን 1952 ዓ.ም. ታውጆ መስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. በሥራ ላይ ዋለ። ረቂቁን የጀመሩት ፈረንሳዊው ዣን ኤስካራ ናቸው፤ እርሳቸው ቀደም ሲል የቻይና መንግሥት የሕግ አማካሪ ነበሩ። ሲሞቱ ሥራውን አልፍሬድ ዦፍሬ ጨረሱት። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አርቃቂ ሬኔ ዳቪድም ፈረንሳዊ ናቸው።

የንግድ ትምህርት ከሕጉ ይቀድማል፤ የአዲስ አበባ ንግድ ሥራ ትምህርት ቤት የተከፈተው በ1935 ዓ.ም. ነው። የሕግ ትምህርት በዩኒቨርሲቲ ደረጃ የተጀመረው ግን በ1956 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ፋኩልቲ ሲቋቋም ነው። የመጀመሪያው ዲን አሜሪካዊው ጄምስ ፖል ነበሩ። በዚያው ዓመት መታተም የጀመረው የኢትዮጵያ ሕግ መጽሔት ለረጅም ጊዜ ዋነኛው የማስተማሪያ ምንጭ ሆኖ ቆይቷል።

በደርግ ዘመን ባንኮች፣ ኢንሹራንሶችና ትልልቅ ፋብሪካዎች ተወረሱ፤ የግል ነጋዴ ካፒታልም ጣሪያ ተደረገለት። የንግድ ሕጉ ባይሻርም ብዙው ክፍል ሥራ ፈትቶ ስለነበር ተማሪዎች የሚያጠኑት በገበያ የማያገኙትን ነገር ነበር። ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ የግል ባንኮችና አክሲዮን ማኅበራት ሲመጡ ያው አሮጌ ሕግ እንደገና ተፈላጊ ሆነ። በ2013 ዓ.ም. አዲሱ የንግድ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 1243/2013፣ ወጣ። አዲሱ ሕግ ስለ ነጋዴዎች፣ ስለ ንግድ ማኅበራትና ስለ ኪሳራ ያሉትን የድሮ መጻሕፍት ተክቷል፤ ባለ አንድ አባል ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበርንም አስገብቷል። ስለ ማጓጓዝና ኢንሹራንስ እንዲሁም ስለ ባንክና ተላላፊ ሰነዶች የሚናገሩት የ1952ቱ ሦስተኛና አራተኛ መጻሕፍት ግን አልተሻሩም። ስለዚህ የዛሬ ተማሪ ሁለት የንግድ ሕጎችን ጎን ለጎን ይዞ ያጠናል።

የትምህርቱ ቋንቋ

ከምዕራብ ጎጃም ለሚነሳ ተማሪ ቅርቦቹ ዩኒቨርሲቲዎች ደብረ ማርቆስ፣ እንጅባራና ባሕር ዳር ናቸው፤ ምደባው አገር አቀፍ ስለሆነ ግን ወደ ሌላ ክልልም ሊሄድ ይችላል። የትም ቢመደብ የሚማረው በእንግሊዝኛ ነው። ፍርድ ቤት ደግሞ በክልሉ የሚሠራው በአማርኛ ነው። በፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ አዋጅ ቁጥር 3/1987 መሠረት በአማርኛውና በእንግሊዝኛው ቅጂ መካከል ልዩነት ቢፈጠር የሚጸናው አማርኛው ነው። ተማሪው በመማሪያ መጽሐፉ ያነበበው ቃልና ዳኛው የሚያነቡት ቃል አንድ ላይሆን ይችላል።

ጥሩ ምሳሌ «የንግድ መደብር» የሚለው የሕጉ ቃል ነው። በተለመደው አነጋገር መደብር ማለት ሱቅ ነው። በሕጉ ግን የንግድ መደብር ቤቱ አይደለም፤ ግዙፍነት የሌለው ተንቀሳቃሽ ንብረት ሆኖ የንግድ ስሙን፣ የደንበኞቹን ትስስር፣ የቤቱን የኪራይ መብትና ዕቃውን በአንድነት የያዘ ነው። ፍኖተ ሰላም ላይ ቤት ተከራይቶ የሚነግድ ሰው ቤቱ የራሱ ባይሆንም የሚሸጠው ወይም በመያዣ የሚሰጠው መደብር አለው። ሐሳቡ ከፈረንሳይ የመጣ ስለሆነ በእንግሊዝኛ መማሪያ መጽሐፍም በቀላሉ አይገኝም።

የኢትዮጵያ ሕግ በኮድ የተጻፈ ቢሆንም ፍርድ ማንበብም የትምህርቱ አካል ሆኗል። ከአዋጅ ቁጥር 454/1997 ወዲህ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት የሰጠው የሕግ ትርጉም የበታች ፍርድ ቤቶችን ያስገድዳል። ውሳኔዎቹ በአማርኛ በቅጽ በቅጽ ይታተማሉ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች ሁሉ የመውጫ ፈተና ይወስዳሉ።

ሕጉና ገበያው በምዕራብ ጎጃም

ፈረስ ቤት የደጋ ዳሞት ወረዳ ዋና ከተማ ናት። በደጋው ገብስና ድንች፣ ወረድ ሲሉ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ዙሪያ በቆሎ፣ ጤፍና በርበሬ ይመረታል፤ ፍኖተ ሰላም በማንጎም ትታወቃለች። ቡሬ ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር የሚወስደው መንገድ ወደ ነቀምት ከሚሄደው ጋር የሚገናኝባት ከተማ ናት።

የመጀመሪያው ጥያቄ ነጋዴ ማን ነው የሚለው ነው። በ1952ቱ ሕግ መሠረት የራሱን ማሳ ምርት የሚሸጥ ገበሬ ነጋዴ አልነበረም፤ በዋናነት በእጁ ሥራ የሚተዳደር የእጅ ባለሙያም እንደዚያው። ድንቹን ከገበሬው ገዝቶ ጭኖ የሚሸጠው ግን ነጋዴ ነው፤ የንግድ ፈቃድ፣ የንግድ ምዝገባና የሒሳብ መዝገብ ጉዳይ የሚመጣው በእርሱ ላይ ነው።

ሁለት ሰዎች ገንዘብ አዋጥተው በአንዳቸው ስም እህል ቢነግዱና ትርፉን ቢካፈሉስ? ገበያው ይህን ሽርክና ይለዋል። ሕጉ «የእሽሙር ማኅበር» ብሎ ያውቀዋል፦ ለሦስተኛ ወገን ያልተገለጸ፣ የሕግ ሰውነት የሌለው ማኅበር ነው። ከእህል ሻጮቹ ጋር የተዋዋለው ሸሪክ በስሙ ለገባው ዕዳ ተጠያቂው ራሱ ነው። ብዙ ተማሪ የቤተሰቡን ንግድ በዚህ ርዕስ ሥር ያገኘዋል።

ልዩነቱ ጎልቶ የሚታየው በማስረጃ ላይ ነው። በመንደር ልማድ ገንዘብ የሚሰጠው በሰው ፊት ነው፤ ምስክር መቁጠር ከወረቀት ይልቅ ይታመናል፣ ወረቀት መጠየቅም አለማመን ይመስላል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2472 ግን ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር ሊረጋገጥ የሚችለው በጽሑፍ፣ ወይም በፍርድ ቤት በሚደረግ እምነት ወይም መሐላ ብቻ ነው ይላል። በ1952 ዓ.ም. 500 ብር ትልቅ ገንዘብ ነበር። ዛሬ የአንድ በግ ዋጋ አይሞላም፤ ቁጥሩ ግን እንዳለ ነው። አበዳሪው አምስት ምስክር ቢያቆምም ተበዳሪው ካልታመነ ምስክሮቹ ብድሩን አያስረዱለትም። ወለድ ካለም በዓመት ከመቶ 12 በላይ መዋዋል አይቻልም፤ አራጣም በወንጀል ያስቀጣል።

ወረቀቱ ሲኖርም ፎርሙ አለ። ሕጉ በጽሑፍ እንዲሆን ያዘዘው ውል ተዋዋዮቹ የፈረሙበትና ሁለት ምስክሮች ያረጋገጡት መሆን አለበት። ማንበብና መጻፍ የማይችል ሰው የጣት አሻራ በውል አዋዋይ፣ በመዝጋቢ ወይም በዳኛ ፊት ካልተረጋገጠ አያስገድደውም (ቁጥር 1728)። ይህ ድንጋጌ የተጻፈው ያልተማረውን ሰው ከመታለል ለመጠበቅ ነው። በተግባር ግን ከከተማ የራቀውን ሻጭም ገዢም ያስቸግራል፤ በጓሮ የተፈረመ ወረቀት ኋላ ውድቅ ሊሆን ይችላልና።

ዋስትና ላይ ሕጉ ይበልጥ ጥብቅ ነው። ዋስትና በጽሑፍ መሆን አለበት፤ ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛ የገንዘብ መጠን ካልተጠቀሰ ደግሞ ፈራሽ ነው (ቁጥር 1922)። «እኔ አለሁለት» ብሎ ለጎረቤቱ የቆመ ሰው በመንደሩ ፊት ይታፈርበታል እንጂ በሕግ አይከፍልም። በሌላ በኩል አብሮ ተበዳሪ ሆኖ የፈረመ ሰው ዋስ አይደለም፦ ሌላ ስምምነት ከሌለ አብረው የተበደሩ ሰዎች ለሙሉው ዕዳ በአንድነትና በነጠላ ይጠየቃሉ (ቁጥር 1896)። ዛሬ ጸደይ ባንክ የሆነው የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም (አብቁተ) ለገጠሩ ሰው ሲያበድር የቆየው በዚህ ዓይነት የቡድን ዋስትና ነው። የንብረት መያዣ ለሌለው ገበሬ በር ከፍቷል፤ አንዱ ሲያቅተው ግን ሸክሙ በቡድኑ ላይ ይወድቃል። መሬት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት ስለማይሸጥ ለአበዳሪው እንደ ሌላ ንብረት መያዣ አይሆነውም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የተንቀሳቃሽ ንብረት መያዣ አዋጅ እንስሳትና ሰብል ጭምር በመያዣነት እንዲመዘገቡ መፍቀዱ ለዚህ ክፍተት የተሰጠ መልስ ነው።

ዕቁብን በተመለከተ ራሱን የቻለ ሕግ የለም። ጸሐፊውና ዳኛው ያሉት፣ ዕጣ የወጣለት ሰው ዋስ ካልጠራ ገንዘቡን የማይወስድበት ይህ ማኅበር ፍርድ ቤት ሲቀርብ በጠቅላላው የውል ሕግ ይታያል። በከተማ ነጋዴዎች ዘንድ በዋስ ፋንታ ወደፊት ቀን የተጻፈበት ቼክ ማስያዝም ተለምዷል። በሕጉ ቼክ እንደቀረበ የሚከፈል ሰነድ እንጂ መያዣ አይደለም። ከተጻፈበት ቀን በፊት ቢቀርብም ይከፈላል፤ ስንቅ የሌለው ቼክ መስጠት ደግሞ በወንጀል ሕጉ ቁጥር 693 ያስጠይቃል። በእምነት የተሰጠ ወረቀት ሰጪውን እስር ቤት ሊያደርስ መቻሉ ከትምህርቱ ሁሉ ተማሪ የማይረሳው ክፍል ሳይሆን አይቀርም።

ቡሬ

በቡሬ ጉዳዩ መልኩን ይለውጣል። በአገሪቱ መጀመሪያ ከተገነቡት አራት የተቀናጁ የግብርና ማቀነባበሪያ ፓርኮች አንዱ እዚያ ነው፤ ፓርኩም በከተማዋ የተገነባው የፊቤላ የምግብ ዘይት ፋብሪካም በ2013 ዓ.ም. ተመርቀዋል። ከእርሻ ወደ ፋብሪካ የሚገባ ወጣት የሚገናኘው ከአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ጋር ነው። መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 ነው፤ የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀናት አያልፍም። ከብድር በተቃራኒ የሥራ ውል በቃልም ይጸናል፤ ጽሑፍ ከሌለ አሠሪው በ15 ቀናት ውስጥ የውሉን ዝርዝር ፈርሞ ለሠራተኛው መስጠት አለበት። ለፋብሪካ ጥሬ ዕቃ የሚያመርት ገበሬም በ2015 ዓ.ም. የወጣው የግብርና ምርት ውል አዋጅ ይመለከተዋል።

ሽምግልና

የንግድ ጠብ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ሽማግሌ ነው። ይህ ከሕጉ ውጭ አይደለም፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ከቁጥር 3307 ጀምሮ እርቅንና ግልግልን ይደነግግ ነበር፤ ግልግልን የሚመለከቱትን ድንጋጌዎች ግን የግልግል ዳኝነትና የዕርቅ አሠራር አዋጅ ቁጥር 1237/2013 ተክቷቸዋል። ሽማግሌዎች ያስማሙት ጉዳይ ተጽፎ ለፍርድ ቤት ከቀረበና ከሕግና ከሞራል ጋር ካልተጋጨ ተመዝግቦ ሊጸድቅ ይችላል። ያልተጻፈ እርቅ ግን አንዱ ወገን ሲክድ እንደ ብድሩ ሁሉ የማስረጃ ጥያቄ ይነሳበታል።