የማይታየው እሳትና የበሩ ታሪክ

በሰሜን አሜሪካ ከተሞች በሚኖሩ ወገኖቻችን ቤት፣ ከፋሲካ የተረፈው ዶሮ ወጥ በማግስቱ ከነእንቁላሉ በሳሕን ሆኖ ማይክሮዌቭ ውስጥ ሲገባ፣ እንቁላሉ በድንገት ፈንድቶ የምድጃውን ውስጥ በበርበሬና በቅቤ መለቅለቁ፣ አልፎ አልፎም ከወጣ በኋላ ሹካ ሲነካው በበላተኛው ፊት ላይ መፈንዳቱ እንግዳ ነገር አይደለም። ይህን ያየ ሰው ብዙ ጊዜ ዕቃው የተበላሸ ይመስለዋል፤ ነገር ግን የዚህን ምድጃ ታሪክ ከሥሩ ለመረመረ ሰው፣ እንቁላልና ማይክሮዌቭ የተጣሉት ምድጃው ገና ስም ሳይወጣለት እንደ ነበረ ይገለጥለታል። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የምድጃው ልብ ማግኔትሮን የተባለው መሣሪያ ሲሆን፣ እርሱም የተወለደው በጦርነት መካከል ነው። በ1940 በእንግሊዝ አገር፣ በበርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ፣ ጆን ራንዳልና ሃሪ ቡት የተባሉ ሁለት የፊዚክስ ሊቃውንት የጠላትን አውሮፕላን በጨለማና በደመና ውስጥ ለይቶ ለሚያሳየው ለራዳር የሚያገለግል፣ አጭር ሞገድን በብርቱ ኀይል የሚያመነጭ ማግኔትሮን ሠሩ፤ በዚያው ዓመት የእንግሊዝ መልእክተኞች ይህን ዐቢይ ምስጢር በሣጥን ይዘው ውቅያኖስ ተሻገሩና ለአሜሪካኖች አስረከቡ። በማሳቹሴትስ ግዛት መሣሪያውን በብዛት ይሠራ በነበረው በሬይቲዮን ኩባንያ ውስጥ ደግሞ ፐርሲ ስፔንሰር የሚባል መሐንዲስ ነበረ፤ ይህ ሰው በ1894 በሜይን ግዛት ተወልዶ፣ አባቱን በሕፃንነቱ በሞት አጥቶ፣ ትምህርቱን ሳይፈጽም ገና በልጅነቱ ወደ ፋብሪካ ሥራ የገባ፣ የሬዲዮንም ጥበብ በባሕር ኀይል ሳለ በሌሊት ዘብ ላይ መጻሕፍት እያገላበጠ በገዛ ትጋቱ የተማረ ነው።

ስፔንሰር በ1945 በሚሠራ ማግኔትሮን ፊት ቆሞ ሳለ በኪሱ የያዘው ጣፋጭ መቅለጡን አስተዋለ። ከዚያ በፊት ሌሎችም ሙቀቱ ሳይሰማቸው አልቀረም፤ እርሱ ግን ነገሩን እንዲሁ ሊያልፈው ስላልወደደ በቆሎ አስመጥቶ በመሣሪያው ፊት ቢያኖረው ፈንዲሻ ሆነ፤ ቀጥሎም ጎኑ በተበሳ ማንቆርቆሪያ ውስጥ እንቁላል አድርጎ ኀይሉን ቢለቅበት፣ ጠጋ ብሎ ይመለከት በነበረ ባልደረባው ፊት ላይ ፈነዳ ተብሎ ይተረካል። እንግዲህ የዚህ ምድጃ የመጀመሪያው አደጋ ከመጀመሪያው ግኝት ጋር በአንድ ወቅት ደረሰ ማለት ነው። ስፔንሰር በዚያው ዓመት በኦክቶበር ወር የፈጠራ መብት ጠየቀ፤ መብቱም በ1950 ተሰጠው።

በ1947 የወጣው ራዳሬንጅ የተባለው የማይክሮዌቭ ምድጃ የሰው ቁመት ያህል የረዘመ፣ 340 ኪሎ ግራም ያህል የሚመዝን፣ በውሃ የሚቀዘቅዝና 5000 ዶላር ገደማ የሚያወጣ ስለ ነበረ ከትልልቅ ወጥ ቤቶች አልፎ ወደ ተራ ሰው ቤት ሊገባ አልቻለም። በ1955 ታፓን የተባለው ኩባንያ ለቤት የሚሆነውን በ1295 ዶላር አወጣ፤ በ1967 ደግሞ አማና የተባለው ኩባንያ በጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠውን በ495 ዶላር ለገበያ አቀረበ።

እናቶቻችን ከጉልቻ አጠገብ ጥንቃቄን የተማሩት በስሜት ሕዋሳታቸው ነው፤ ነበልባሉ ይታያል፣ ጢሱ ይሸታል፣ ፍሙም ከሩቅ ይገርፋል፤ ሕፃን ልጅ እንኳ አንድ ጊዜ ጣቱን ከለበለበው ዳግመኛ አይደርስበትም። የማይክሮዌቭ ኀይል ግን መልክም ሽታም የሌለው ረቂቅ ነገር ስለሆነ፣ ዓይንና አፍንጫ ሊፈጽሙት ያልቻሉት የዘብነት ሥራ ሁሉ ለምድጃው በር ተሰጠ። ስለዚህ ከመጠኑ ማነስና ከዋጋው መርከስ ይልቅ የበሩ ታሪክ ሊነገር ይገባዋል እላለሁ።

በሩ መስተዋት ቢመስልም በውስጡ የብረት ወንፊት አለበት፤ የሞገዱ ርዝመት ወደ 12 ሴንቲ ሜትር ስለሚደርስ በዚያ ጥቃቅን ቀዳዳ ማለፍ ይሳነዋል፤ ብርሃን ግን እጅግ የደቀቀ ሞገድ በመሆኑ በቀላሉ ያልፋል፤ ስለዚህም ምግቡን እያየነው ኀይሉ ወደ እኛ አይደርስም። ፈተናው ያለው በሩና አካሉ በሚገጥሙበት ጠርዝ ላይ ነው፤ ማጠፊያው ሲላላ፣ በሩ ሲጣመም፣ በጠርዙም ላይ ቅባትና ፍርፋሪ ሲደርቅ ኀይሉ መውጫ ያገኛል። ሐኪሞችም አብልጠው የሠጉት ለዓይን ነበር፤ የዓይን ሌንስ ሙቀቱን የሚወስድለት የደም ዝውውር ስለሌለው፣ ብርቱ ማይክሮዌቭ ሲያገኘው ሞራ ሊጋርደው ይችላልና።

የቀለም ቴሌቪዥኖች ከመጠን ያለፈ ኤክስሬይ ሲያወጡ በመገኘታቸው የተነሣው የሕዝብ ስጋት በማይክሮዌቭም ላይ ተጨምሮ፣ ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን በኦክቶበር 1968 ጤናን ከጨረር የሚጠብቀውን ሕግ ፈረሙ። በዚህ ሕግ መሠረት ከኦክቶበር 1971 ጀምሮ የሚሠራ ምድጃ ሁሉ፣ ከአካሉ 5 ሴንቲ ሜትር ርቆ ሲለካ፣ ከመሸጡ በፊት ከ1 ሚሊዋት በስኩዌር ሴንቲ ሜትር፣ ከተሸጠም በኋላ በዘመኑ ሁሉ ከ5 ሚሊዋት በላይ እንዳያሾልክ ተደነገገ፤ በሩ ሲከፈት ኀይሉን የሚቆርጡ ቢያንስ ሁለት ማቋረጫዎች እንዲኖሩት፣ አንዱም በእጅ እንዳይነካ እንዲሰወር፣ ማቋረጫው ሥራውን ቢያቆም ደግሞ ምድጃው ፈጽሞ እንዳይሠራ የሚያደርግ ተቆጣጣሪ እንዲጨመርለት ታዘዘ። ይህን ድንጋጌ የጻፉትን ሰዎች ስም የሚጠራ የለም፤ ለእኔ ግን የእነርሱ ሥራ ከስፔንሰር ግኝት አያንስም፤ በየቤቱ ምድጃውን እየከፈቱ የሚዘጉ ሕፃናት ሁሉ በእነርሱ ጥላ ሥር ናቸውና።

በቋንቋችን «ጨረር» የሚለው ቃል ለፀሐይም፣ ለኤክስሬይም፣ ለማይክሮዌቭም አንድ ሆኖ መቅረቱ ብዙ ሰው በከንቱ እንዲፈራ ምክንያት ሆኗል፤ ማይክሮዌቭ ግን የምግቡን ውሃ ከማሞቅ በቀር ምግቡን ጨረር አመንጪ አያደርገውም፤ ኀይሉ ሲቋረጥም በውስጡ የሚቀር ነገር የለም። ሊፈራ የሚገባው ሌላ ነው። ሞገዱ ወደ ምግቡ የሚዘልቀው ጥቂት ሴንቲ ሜትር ብቻ ስለሆነ፣ ወፍራም ሥጋ ዳሩ እየፈላ መካከሉ ቀዝቃዛ ሊቀር ይችላል፤ የሕፃን ጡጦ ደግሞ ከውጭ ለብ ብሎ ሳለ ውስጡ ሊፋጅ ይችላል፤ ስለዚህ ምግቡን ማማሰልና ጥቂት ማሳረፍ ያስፈልጋል። በንጹሕ ብርጭቆ ብቻውን የሞቀ ውሃም አረፋ ሳያሳይ ከመፍያው መጠን ያልፍና፣ ማንኪያ ወይም ቡና ሲገባበት በአንድ ጊዜ ገንፍሎ እጅን ይልጣል።

እንቁላሉም በዚሁ ጠባይ ይሠራል። በዲሴምበር 2017 በኒው ኦርሊንስ በተደረገ የድምፅ ሳይንስ ሊቃውንት ጉባኤ ላይ በማይክሮዌቭ ስለሚፈነዳ የተቀቀለ እንቁላል የቀረበ ጥናት፣ አስኳሉ በዙሪያው ካለው ውሃ ይልቅ እንደሚግል ገለጠ፤ በአስኳሉ ውስጥ የታመቀው ጥቂት ውሃ ሳይፈላ ከመፍያው መጠን ያልፍና ጥርስ ወይም ሹካ እስኪነካው ድረስ ይጠብቃል። ከዚህ የሚያድን በር እስካሁን አልተሠራም፤ ስለዚህ ወጡ ለብቻው ይሙቅ፤ እንቁላሉ ደግሞ አስቀድሞ ወጥቶ፣ በቢላዋ ለሁለት ተከፍሎ፣ በሞቀው ወጥ ላይ ይመለስ።