ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ የተረፈው

እስቲ ቀረብ በሉና ላውጋችሁ። ዘመኑን የምቆጥረው በፈረንጆቹ ነው።

ረሃብ፣ ኋላም የጃፓን ቅኝ አገዛዝ ያሰደዳቸው ኮሪያውያን ድንበር ተሻግረው በሩሲያ ሩቅ ምሥራቅ ሰፈሩ። መሬት አቀኑ፣ ወለዱ፣ ከበዱ። ልጆቻቸው በቋንቋቸው ይማራሉ፤ ጋዜጣቸው በፊደላቸው ይታተማል፤ በ1932 ደግሞ ቭላዲቮስቶክ ላይ የራሳቸውን ቴአትር ቤት ከፈቱ።

አምስት ዓመት እንኳ በቅጡ ሳይደላቸው ስታሊን ለጃፓን ይሰልላሉ በሚል ሰበብ ፈረደባቸው። በ1937 መጸው 172,000 ያህል ሰው በጭነት ባቡር ፉርጎ ታጭቆ ወደ ካዛክስታንና ኡዝቤኪስታን ተጋዘ። ጉዞው ሳምንታት ፈጀ፤ ሕፃናትና ሽማግሌዎች መንገድ ላይ ቀሩ። ኡሽቶቤ የተባለው ጣቢያ የወረዱት ያን ክረምት ያሳለፉት መሬት ቆፍረው፣ ከጉድጓዱ ውስጥ ተጠልለው ነው። የአገሬው ካዛኮች ዳቦ እንዳካፈሏቸው ልጅ ልጆቻቸው ዛሬም በምስጋና ያነሡታል።

በ1938 ሌላ ዱላ ወረደ፤ በኮሪያኛ ያስተምሩ የነበሩት ትምህርት ቤቶች ወደ ሩሲያኛ ተቀየሩ፤ የኮሪያኛው ትምህርት ቤት ተዘጋ ማለት ነው።

እንግዲህ ምን ተረፈ? አንደኛው ጓዳ ነው። ኪምቺ ለሚባለው የኮሪያ ኮምጣጣ ምግብ የሚሆነው ጎመን በዚያ አገር እንደ ልብ አይገኝም፤ ካሮት ግን ሞልቷል። እናቶች ካሮቱን እንደ ክር አቅጥነው ከተፉት፤ በጨውና በኮምጣጤ አሹት፤ ድንብላል፣ ቀይ በርበሬና ነጭ ሽንኩርት አደረጉበት፤ ከላዩ የጋለ ዘይት ቸስ አደረጉበት። ጎረቤት ቀመሰ፣ ወደደ፣ ለመደ። ዛሬ ከታሽከንት እስከ ሞስኮ በየገበያው «የኮሪያ ካሮት» ተብሎ ይሸጣል። ሴኡል ግን የአያቶቿ ማዕድ ላይ አታውቀውም፤ የተወለደው ስደት ላይ ነውና።

ሁለተኛው ቴአትር ቤቱ ነው። አብሮ ተሰደደ፤ በካዛክስታኗ ከተማ ክዚልኦርዳም መድረኩን ዳግም ዘረጋ። ሆንግ ቦም ዶ የሚባል ስመ ጥር አርበኛ ነበር፤ በ1920 ማንቹሪያ ውስጥ የጃፓንን ጦር ድል ያደረጉ ተዋጊዎችን የመራ። እሱም ከወገኖቹ ጋር ተግዞ፣ በስተርጅና የዚያው ቴአትር ቤት ጥበቃ ሆኖ ሠራ። በ1942፣ ገና በሕይወት ሳለ፣ ታሪኩ በገዛ ቋንቋው መድረክ ላይ ቀረበ። በተከታዩ ዓመት አረፈ፤ አፅሙ ወደ ኮሪያ የገባው በ2021 ነው። ቴአትር ቤቱ ዛሬ አልማቲ ውስጥ አለ። ተዋናዩ በኮሪያኛ ይጫወታል፤ ኮሪያኛ የማይሰማው ታዳሚ፣ የስደተኞቹ የልጅ ልጅ ጭምር፣ በጆሮ ማዳመጫ የሩሲያኛውን ትርጉም ይከታተላል።

እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። ምግቡ ያለ አስተማሪ ከእናት ወደ ልጅ፣ ከልጅ ወደ ጎረቤት ተሻገረ። ቋንቋው ግን አልቻለም። ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ፣ ሥራውም ሹመቱም በሩሲያኛ ሲሆን፣ ልጆች የአያታቸውን ካሮት እየበሉ የአያታቸውን ጨዋታ መስማት ተሳናቸው። ጥፋቱ የልጆቹ አይደለም፤ የዘጋባቸው ሰው ነው።

ሶቪየት ኅብረት ከፈረሰች በኋላ በሩ ተከፈተ። ከደቡብ ኮሪያ መምህራን መጡ፣ መጻሕፍት መጡ። ዛሬ በኡዝቤኪስታኗ ታሽከንት የኮሪያኛ ክፍል ውስጥ ሁለት ዓይነት ተማሪ ጎን ለጎን ይቀመጣል፤ አያቷ ያወሩት የነበረውን ልትይዝ የመጣች ኮሪያዊት፣ እና ኮሪያ ሄዶ ለመሥራት የቋንቋ ፈተና የሚጠብቀው ኡዝቤክ ወጣት። መምህሩ የሚያስተምረው የሴኡሉን አነጋገር ነው፤ የአያቶቹ ግን በኮሪያ ሰሜን ካለው የሃምግዮንግ ምድር የመጣ፣ የራሱ ዜማ ያለው ነው።

እኔ የምለው ይህን ነው፦ ሁለቱም በዚያ ክፍል ቦታ ይገባቸዋል። እንግዳው ሲማር ከባለቤቱ የሚጎድል የለም፤ ካሮቱ ጎረቤት ስለበላው አላለቀም። ልጅቱም «ኮሪያዊት ሆነሽ እንዴት አትችዪም?» ተብላ ልትሸማቀቅ አይገባም። አያቲቱም በሕይወት ካሉ ክፍል ይጋበዙ፣ ያውጉ፣ ድምፃቸው ይቀረጽ፤ አነጋገራቸው ስሕተት ተብሎ አይታረም። መንግሥት በአንድ ፊርማ ያቋረጠውን ለመቀጠል የብዙ መምህራን ዕድሜ ይጠይቃል፤ ሥራውን የጀመሩትን ማገዝ ያለብን ለዚህ ነው።