ቀይ ቀበሮና የእንግሊዝኛ ስሞቹ

ዶግ ውሻ፣ ፎክስ ቀበሮ፣ ዎልፍ ተኩላ። እንግሊዝኛ ስንማር እንዲህ ሸምድደን አልፈናል። እስቲ እንግዲህ የቾቄን ቀይ ቀበሮ ከሦስቱ በየትኛው እንጥራው?

ቾቄ ከደብረ ማርቆስ በስተሰሜን ያለው ተራራ ነው፤ ጫፉ ከ4,000 ሜትር ይበልጣል። ጓሳና ጅብራ የሚበቅልበት ውርጭ አገር ነው፤ ቀይ ቀበሮም አይጥ እያደነ የሚኖረው እንዲህ ባለው ስፍራ ነው። ቀይ ጠጉር፣ ነጭ ደረት፣ ሾጣጣ አፍ፣ ረጅም ቅልጥም። አገሬው መልኩን አየና ቀይ ቀበሮ አለው፤ አበቃ።

ፈረንጆቹ ግን ስም ለማውጣት 160 ዓመት ያህል ፈጀባቸው። ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ ስሜን ተራሮች ላይ አግኝቶት ካኒስ ሲሜንሲስ አለው። ካኒስ በላቲን ውሻ ነው፤ የስሜን ውሻ ማለቱ ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎቹ ገሚሱ ሲሚየን ፎክስ፣ ገሚሱ ሲሚየን ጃካል አሉት። ለእኛ ፎክሱም ጃካሉም ያው ቀበሮ ስለሆነ ጠቡ አልገባንም። እ.ኤ.አ. በ1994 የታተመ የዘር ምርመራ አውሬው ከፎክስ ይልቅ ለዎልፍ እንደሚቀርብ አሳየና ኢትዮጵያን ዎልፍ የሚለው ስም ጸና።

ነገሩ የተወሳሰበው እዚህ ላይ ነው። ዎልፍ በመጽሐፍ ቅዱሳችን ተኩላ ነው። በዱር ግን ተኩላ የምንለው በመንጋ የሚያድነውን ዝንጉርጉሩን ነው፤ እሱን ደግሞ እንግሊዞች ዋይልድ ዶግ፣ የዱር ውሻ ይሉታል። የእነሱ ዎልፍ የእኛ ቀበሮ፣ የእኛ ተኩላ የእነሱ ውሻ! አስተርጓሚ ቢያብድ ይፈረድበታል? ይባስ ብሎ እ.ኤ.አ. በ2015 ተራውን ቀበሯችንንም ከጃካልነት ወደ ዎልፍነት አዛወሩት።

ጨዋታ ብቻ አይደለም። ቀበሮ በተረታችን ብልጣ ብልጥ ሌባ ነው። ስሙን የሰማ እረኛ ድንጋይ ያነሳል እንጂ፣ ከኢትዮጵያ በቀር የትም የሌለ፣ ለአቅመ ዘር የደረሰው ተቆጥሮ ጥቂት መቶ ብቻ የሆነ ፍጡር መሆኑ ከየት ትዝ ይለዋል? ስም ብቻውን ግን አውሬ አይገድልም። ገብሱ ሽቅብ ወጣ፣ ጓሳው ታረሰ፣ ከብቱ ተሰማራ። ከብቱን ተከትሎ ደግሞ ውሻው መጣ።

በእኛ አስተያየት ከስሞቹ ሁሉ እውነቱን የነካው የሩፔል ካኒስ ነው። ቀይ ቀበሮ ለውሻ እጅግ የቀረበ ዘመድ ነው፤ ያ የ1994ቱ ምርመራ ባሌ ላይ ከመንደር ውሻ የተዳቀሉ አግኝቷል። ዘመድነቱ በሽታም ያጋራል። እ.ኤ.አ. በ2003 የእብድ ውሻ በሽታ ባሌ ገብቶ በዌብ ሸለቆ አብዛኛውን ፈጀ፤ የቀሩትን ለማዳን ቀይ ቀበሮው ራሱ እየተያዘ ተከተበ።

በባሌ፣ በአርሲ፣ በስሜን፣ በወሎና በመንዝ ጓሳ ዛሬም አለ። ከቾቄ ግን ጠፍቷል። አሁን እዚያ ሌሊት ቀበሮ ጮኸ ቢባል፣ የጮኸው ተራው ቀበሮ ነው።